አሥራ አራተኛዋ ሕፃን

የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ የተገኘው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ከፊቱ ግማሽ ብርጭቆ ሻይና በኮምፒውተር የተጻፈ አንድ ገጽ ነበር። መርማሪዋ ሻዩን አሽትታ ገጹን አነበበች።

«የሚጥል በሽታ ላለባቸው ነፍሰ ጡሮች፣ ፅንስ የሚጎዳ ክኒን እያወቅሁ አዘዝሁ። በጥናቴ ግን በእናቶቹ ዕድሜና አመጋገብ አሳበብሁ። በዚህ ዓመት አሥራ አራት ሕፃናት አከርካሪያቸው ክፍት ሆኖ ተወለዱ። መኖር አልችልም።»

ምክትሉ በር ላይ ላብ በላብ ሆኗል። «እባክሽ፣ ይሄ ወረቀት ከወጣ ሆስፒታሉ አለቀለት። ልቡ ቆመ ብለን እንቅበረው።»

«እርስዎና ማን?» አለች መርማሪዋ።

በማግስቱ የአስከሬኑና የሻዩ ምርመራ ውጤት መጣ። ሻዩ ውስጥ የልብ መድኃኒት በገፍ ተሟሙቶበታል፤ ሰውየው የሞተው ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። መርማሪዋ ወሬ ከማይሰለቸው የመረጃ ሠራተኛ ጀመረች።

«እንዲህ ያሉ ሕፃናት ብዙ ናቸው?»

«ከመቶ ሦስቱ የሆነ ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፤ ከንፈሩ የተሰነጠቀ አለ፣ እግሩ የዞረ አለ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም። አንዳንዴ የቫይታሚን እጥረት ነው፣ አንዳንዴ የእናት ስኳር፣ አንዳንዴም መድኃኒት። አከርካሪ ክፍት ግን ከሺህ አንድ ቢገኝ ነው። እኛ ጋ ዘንድሮ አሥራ ሦስት ደረሰ!»

«የትናንቱን ጨምሮ?»

«የትናንቱን መዝገብ ገና አላየሁም። አሥር ሰዓት ላይ ወጥቼ ነበር።»

ምክትሉም ያለው አሥራ ሦስት ነው። ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ቀዶ ጥገና ክፍል እንደነበር ስምንት ሰው መሰከረለት።

ሠላሳ ዓመት ያዋለደችው አዋላጅ ሕፃን እየመዘነች ነበር። መርማሪዋ የማዋለጃውን መዝገብ ገለጠች። የመጨረሻው መስመር «አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሴት፣ ሞታ የተወለደች፣ አከርካሪ ክፍት» ይላል።

«ሲስተር፣ አብሮዎት ማን ነበር?»

«ማንም፤ ረዳቴ ታማ ቀርታለች። እናትየው እስካሁን አልነቃችም።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለማን ልንገር፣ የኔ ልጅ? ዶክተሩ የሞቱትን አትቁጠሪ ይለኝ ነበር። እኔ ግን እጄ ላይ የመጣውን ሁሉ እቆጥራለሁ።»

መርማሪዋ መዝገቡን ዘጋች። ሴትየዋን ወዳታለች።

ሦስቱን በሟቹ ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ደብዳቤው አሥራ አራት ይላል። ዶክተሩ ሲሞት ግን አሥራ ሦስት ነበሩ። አሥራ አራተኛዋ ስትወለድ እሱ ከሞተ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሆኖታል፤ ስለዚህ ደብዳቤው የሌላ ሰው ነው። አንዳችሁ ቤቱ ገብቷል፣ አንዳችሁ ቀዶ ጥገና ላይ ነበር። ያችን ሕፃን የሚያውቃት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ተመስገን!» ምክትሉ ከወንበሩ ተነሣ። «ስለዚህ ክሱ ሁሉ ፈጠራ ነዋ!»

አዋላጇ ዞር ብላም አላየችው። «ሻዩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። የልጄን ልጅ በዚህ እጄ ተቀብዬ፣ በዚሁ እጄ አጥቤ ቀበርኩ። ክኒኑን ለነፍሰ ጡር አትዘዝ ብዬ ሦስት ጊዜ ለመንኩት። ‹ልጅሽ ጎመን ብትበላ ኖሮ› ብሎ ሳቀብኝ። ስለዚህ ሞቱ አልበቃኝም፤ ስሙንም ፈለግኩት። ወረቀቱን ቀድሜ ጽፌው ነበር። ያቺ ስትመጣ ቁጥሩን አስተካክዬ እንደገና አትሜ ፊቱ አስቀመጥኩት። እሷን ልተዋት እንዴ?» ወደ መርማሪዋ ዞረች። «አሁን ወረቀቱ ሊቀደድ ነው?»

መርማሪዋ ከፋርማሲው የሰበሰበቻቸውን የማዘዣ ወረቀቶች ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ደብዳቤው የእሱ አይደለም። እነዚህ አሥራ አራት ማዘዣዎች ግን በገዛ ፊርማው የተጻፉ ናቸው። ከእርስዎ ክስ ጋር አብረው ፍርድ ቤት ይገባሉ።»

ምክትሉ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አዋላጇ ማዘዣዎቹን አንድ በአንድ አየች፤ የልጅዋ ስም ላይ ስትደርስ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ ሁለት እጆችዋን ለካቴናው ዘረጋች።

«አይቆጭዎትም፣ ሲስተር?»

«በጣም እንጂ» አለች። «ቶሎ ነው የሞተው።»