ከወረቀቱ ጀርባ

የልጅ ልጄ ልብስ ሰፊ ናት። ከአንድ የእንግሊዝኛ መምህር ጋር የተዋወቁት ሱሪውን ሊያሳጥር መጥቶ ነው። ሱሪው ምኑም አልረዘመም ነበር፤ እኔ ያኔውኑ ልቤ ፈርቷል።

«እንግሊዝኛ ትችያለሽ?» አላት።

«የክር ቁጥር አነባለሁ፤ ይበቃኛል።»

«እንግዲያው አንድ ግስ ብቻ ላስተምርሽ።»

ግሱ «ቴክ» ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ አጠቃቀሙን በወረቀት ጽፎ ይሰጣታል። አውቶቡስ ሲሳፈሩ ቴክ፣ ፎቶ ሲያነሡ ቴክ፣ መድኃኒት ሲውጡ ቴክ፣ ጊዜ ሲፈጅም ያው ቴክ።

«ቃል አልቆባቸው ነው እንዴ?» አልኳት።

«እማማ ደግሞ» ብላ ሳቀች። እናቷን ከቀበርን ወዲህ ከልቧ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

«ቤቴ መድረስ ሃያ ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ አንቺን መርሳት ግን ዕድሜዬን ይፈጃል» ይላል አንዱ ወረቀት፣ እሷ ስትተረጉምልኝ። መሐል ላይ አንዲት ቃል ተሰርዛለች።

«እጁ ተንቀጥቅጦ ነው» ትለኛለች፣ ስርዙን በጣቷ እየነካች።

እኔ ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስለይ የኖርኩ ሴት ነኝ። አንድ ቀን ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን በአውራ ጣቴ ዳበስኩት። ልሙጥ ነው። እስክሪብቶ ያለፈበት ወረቀት ጀርባው ይጎረብጣል፤ ይሄ ከማሽን የወጣ ቅጂ ነው። የፍቅር ቃል ፎቶ ኮፒ የሚደረገው ለስንት ሰው ነው? አልኩ በሆዴ። ግን ሳቋን እንዳላጠፋባት ፈርቼ ዝም አልኩ።

ባለፈው ወር አንዲት ነርስ የሙሽራ ልብስ ልትለካ ሱቁ መጣች። እኔ ጥግ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ። ቦርሳዋን ስትከፍት ወረቀት ወደቀባት፤ የልጅ ልጄ አነሣችላት።

«የእጮኛዬ ነው» አለች ነርሷ ፈገግ ብላ። «የዛሬ ሦስት ዓመት እንግሊዝኛ ሲያስተምረኝ የጻፈልኝ። ከእጄ አይለይም።»

ያው ዓረፍተ ነገር፣ ግን በሰማያዊ እስክሪብቶ። ያችው ቃል ተሰርዛለች።

የልጅ ልጄ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። መሳቢያዋን ከፍታ የራሷን ወረቀት ከዚያኛው ጎን አኖረችው። ነርሷ አንዱን አየች፤ ሌላውን አየች።

«ለአንቺም?»

«የእኔ ቅጂው ነው፣ እህቴ።»

ነርሷ ሳትለካ ወጣች።

ማታ እራት ላይ ከአፌ አመለጠኝ። «እኔ እኮ ጠርጥሬ ነበር» ብዬ የጀርባውን ነገር ነገርኳት።

ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች። «መቼ?»

«ከሦስት ወር በፊት።»

«እሱስ ባዕድ ነው። አንቺ እያወቅሽ ዝም አልሽኝ?»



መምህሩ ሁለቴ መጥቶ በሩን አንኳኳ፤ አልከፈተችለትም። እኔንም ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ሻይ ብቻ ታቀርብልኛለች። የግፊት ኪኒኔን መዋጥ ተውኩ፤ ሁሌም የምታስታውሰኝ እሷ ነበረች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ስነሣ ወደ ሥራ ሄዳለች። ኪኒኑ ከውኃ ብርጭቆ አጠገብ ተቀምጧል። ከሥሩ ወረቀት አለ፤ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር፣ በዚያው በ«ቴክ» የሚጀምር፣ መድኃኒትሽን ዋጪ የሚል። ዝቅ ብሎ በአማርኛ፦ «ገና አልታረቅንም።»

ገልብጬ በአውራ ጣቴ ዳበስኩት። ይጎረብጣል።