አርጆን እምቢ ያለችው መኪና

ኩማ ድርቤን መጀመሪያ ያያት ከመኪና ኮፈን ሥር ቀና ሲል ነው። ግንባሩ ላይ ግራሶ፣ እጁ ላይ መፍቻ። ከአባቷ ኋላ ቆማ ነበርና መሐረብ ዘረጋችለት። ተቀብሎ ግንባሩን ትቶ መፍቻውን ጠረገበት። ድርቤ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነቀምት ውስጥ የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ልቡ ይዘል ጀመር።

መኪናዋ የአባቷ የቀኛዝማች ባይሳ ነበረች። ጥቁር፣ ረጅም፣ ወንበሯ ቆዳ። አዲስ አበባ አንድ መኰንን ሃያ ዓመት ተቀምጦባት ነው የሸጠላቸው። ዕድሜዋ ቢገፋም ግርማዋ አልለቀቃትም። ለቡና ንግድ ወደ ዲጋ ሲሄዱባት ሳትቆም ደርሳ ትመለሳለች። ወደ አርጆ ሲነሡ ግን ከከተማው ወጥታ ብዙም ሳትርቅ ሞተሯ ይደናቀፋል። አንዴ ይስታል፣ ይስተካከላል፣ እንደገና ይስታል፤ ዳገት ላይ ጭራሽ ይጠፋል። ሁለት ጊዜ በበሬ ተጎትታ ተመለሰች።

ሾፌሩ እሸቱ ቀልደኛ የሸዋ ሰው ነው። ምን ሆና ነው ሲሉት፣ «አርጆን አትወድም» ይላል። ሰው ይስቃል። ኩማ አይስቅም። የአንድ የአርጆ ባላባት ሽማግሌዎች ድርቤን ለልጁ ጠይቀው ሄደዋል። የቀረው ቀኛዝማች ሄደው ቃላቸውን መስጠት ብቻ ነው።

ኩማ ሥራውን የተማረው ከአንድ አሮጌ ጣሊያን ነው። ጣሊያኑ አንድ ሕግ ነበረው፤ ሞተር ከመነካቱ በፊት በቤንዚን ይታጠባል። ኩማም ይህችን መኪና በመጣች ቁጥር ያጥባታል፣ ካንዴላዎቿን ያወጣል፣ ሽቦዎቿን አንድ በአንድ ይፈትሻል። ጉድለት የለም። ያስነሣታል፤ እንደ ሰዓት ትመታለች። ከተማውን ሦስት ጊዜ ይዞርባታል። ምንም።

መኪናዋ ለሁለተኛ ጊዜ ተጎትታ በመጣች ቀን፣ አባቷ የረሱትን ጃንጥላ ልትወስድ ድርቤ ጋራዡ መጣች። ብቻቸውን ሆኑ። ኩማ ሲከነክነው የሰነበተውን አወጣው።

«ሽቦውን የምትነቅዪው አንቺ ነሽ?»

ድርቤ ፊቷ ተለወጠ። «እኔ አንተ ነህ ብዬ ስፈራልህ ነበር።»

«እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ እኔ አባቴን ገደል አፋፍ ላይ የማቆም ልጅ መሰልኩህ?»

ጃንጥላውን አንሥታ ወጣች። «ስፈራልህ ነበር» ያለችው ግን ከኩማ ጆሮ አልወጣም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ግማሹ በደስታ፣ ግማሹ በጸጸት።

ኩማ ለድርቤ ብሎ መኪናዋን ያበላሻል የሚል ወሬ ቀኛዝማች ዘንድ ደረሰ። በትራቸውን ይዘው ጋራዡ በር ላይ ቆሙ።

«ቅዳሜ አርጆ እሄዳለሁ። የምትነዳው አንተ ነህ። መኪናዋ መንገድ ላይ ብትቆም እጅህ አለበት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነቀምት ውስጥ መፍቻ አትይዝም።»

ቅዳሜ ጠዋት ኩማ ሲደርስ መኪናዋ ደጃፍ ላይ ተዘጋጅታ ቆማለች። የድርቤ እናት ወይዘሮ ወርቂቱም ከልጃቸው ጋር ኋላ ገቡ፤ መንገድ ላይ ያሉ ዘመዶች ዘንድ ሊወርዱ ነው። ድርቤ አላየችውም። ኩማ መሪውን ይዞ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ጣለ።

ከከተማው ወጡ። ደህና ነው። ወንዙን ተሻገሩ። ደህና ነው... ከዚያ ሳተ። እንደገና ሳተ። ዳገቱ ወገብ ላይ ጠፋ።

ኩማ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ዛሬ ቤንዚንም፣ ጨርቅም፣ የማጠቢያ ጊዜም የለውም። በትኩሱ አጎንብሶ ሲያይ አንድ ሽታ አፍንጫውን መታው።

ቅቤ ነው።

ሽቦዎቹን በጣቱ ነካ። ረጥበዋል፣ አቧራ ጠጥተዋል። ቀና ብሎ የኮፈኑን መጋጠሚያ አየ፤ ከላይ የተቀባ ቅቤ ቀልጦ በስንጥቁ እየተንጠባጠበ ነው። ሞተሩን የሚያቀጣጥለው የኤሌክትሪክ እሳት ካንዴላው ጋ ሳይደርስ በመንገድ ይባክናል። እሱም በየጊዜው እያጠበ፣ የሚፈልገውን ጥፋት በገዛ እጁ ሲያጠፋ ኖሯል።

ቢጠርገው መኪናዋ አርጆ ትገባለች፤ ድርቤ ትሄዳለች። ዝም ቢል መፍቻውን ያጣል፤ እሷ ግን ትቆያለች።

«ቀኛዝማች፣ ይምጡና ይዩ» አለ።

ሁሉንም አሳያቸው። ወይዘሮ ወርቂቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«እኔ ነኝ» አሉ። ለደስታ መንገድ የሚነሣ ሰው አናቱ ቅቤ ይቀባ የለም ወይ፤ መኪናዋንም ጎህ ሳይቀድ ቀብተው መርቀዋታል። ለቡና ንግድ ማን ቅቤ ይቀባል?

ኩማ ኮቱን አውልቆ በውስጡ ገበር ሽቦዎቹን ጠረገ። አስነሣት። ሞተሯ ጥርት አለ።

ቀኛዝማች ግን አልገቡም። «ከዳነች ወዴት እንደምንሄድ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ነገርከኝ?»

«ታማ ነው የሰጡኝ፤ ታማ አልመልስም።»

ድርቤ ከመኪናዋ ወረደች። «አባባ፣ እኔ አርጆን አልፈልግም። እሱን ነው የምፈልገው።» ዓይኗ አልተሰበረም።

ቀኛዝማች ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«እኔ ስመርቅ፣ እግዜር ሆይ፣ መልካም ወደሆነው ውሰዳት ነው ያልኩት» አሉ ወይዘሮ ወርቂቱ። «ሦስት ጊዜ አቆማት። ስንት ጊዜ ያቁማት?»

ቀኛዝማች በትራቸውን አዩ፣ ዳገቱን አዩ። ከዚያ ሳቁ።

«ቃሌን ገና አልሰጠሁም» አሉ። «አዙራት። አንተም ሽማግሌ ላክ። በእግራቸው ይምጡ፤ መኪና አላምንም።»

ኩማ መኪናዋን አዞረ። እስከ ነቀምት አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተችም።

የሠርጉ ቀን ወይዘሮ ወርቂቱ ቅቤያቸውን በጣባ ይዘው ወደ መኪናዋ ተጠጉ። ኩማ ደነገጠ።

«አይዞህ፣ ኢልማ ኮ» አሉና፣ በኦሮምኛ ልጄ ብለው ቅቤውን የሱ አናት ላይ አደረጉት።

ፀሐዩ ሲያቀልጠው በግንባሩ ወረደ። ድርቤ መሐረብ ዘረጋችለት። በዚህኛው ጊዜ ግንባሩን ጠረገበት።