የጋሽ ገብረመድህን ሮዝ ቀለበቶች

«ወርቅ ነው!» አሉ ጋሽ ገብረመድህን፣ የሮላቶራቸውን፣ ማለትም ተደግፈው የሚሄዱበትን ባለጎማ መደገፊያ፣ እጀታ እንደ አዲስ መኪና መሪ እየዳበሱ። «እንደ ባቡር ነው የሚሄደው። እጅሽ ይባረክ!»

ሳያት ግን ያየችው ፊታቸውን ሳይሆን ጫማቸውን ነበር።

ጋሽ ገብረመድህን ከነሳያት በታች ባለው ቤት የሚኖሩ የጂኦግራፊ አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ሄግ ከተማ ላይ ዝናቡ ሲያወርደው ቢውል እንኳ ጫማቸውን ሳይወለውሉ ደጅ አይወጡም። ዛሬም የግራው እንደ መስታወት ያበራል። የቀኙ ጫፍ ግን ድመት ስትቧጥጠው ያደረች ይመስል ተፋፍቆ ነጭ ሆኗል። ሳያት ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ካየች ምክንያቱን ሳታውቅ አትቀመጥም።

«ጋሼ፣ ጫማህን ምን ነካው?»

«ጫማ? እ... ያረጃል እንግዲህ። ጫማም እንደ ሰው ነው።»

«የግራው ሳያረጅ?»

ሳቅ ብለው ሮላቶሩን ገፋ አደረጉና ወደ ዳቦ ቤቱ አመሩ። ማምለጣቸው ነው።

ነገሩ የተጀመረው አምና ነው። በቤተ ክርስቲያናቸው የንግሥ በዓል፣ ታቦቱን ተከትለው ሲዞሩ፣ የሮላቶሩ ቀጫጭን ጎማዎች የግቢው ጠጠር ውስጥ ሰመጡ። ሁለት ጎረምሶች መጡና እሳቸውን ከነሮላቶራቸው እንደ ሶፋ አንስተው ጥግ አስቀመጧቸው። ሕዝቡ እልል እያለ ሲዞር እሳቸው ቁጭ ብለው ጨረሱት። «ተባረኩ» ብቻ ነበር ያሉት። ሳያት ግን ፊታቸውን አይታ ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ ሳያት አንድ ሰው መንገድ ላይ ከጣለው የልጅ ጋሪ ወፋፍራም ጎማዎች ፈታች። ቁመታቸው ከድሮዎቹ እኩል ነው፤ መሃላቸው ግን ጠበብ ስለሚል ብረቱ ላይ ግራና ቀኝ ይንሸራተታሉ። ክፍተቱን ከውስጥም ከውጪም የሚሞላ ቀለበት ያስፈልጋል፤ እሷ «ስፔሰር» ትለዋለች፣ ጋሽ ገብረመድህን «ሮንዴላ»። ከትምህርት ቤት በተዋሰችው ካሊፐር፣ ውፍረት በሚለካው መሣሪያ፣ ለካች፣ ኮምፒውተር ላይ ሣለች፣ ሰፈራቸው ባለው ቢብ፣ ማለትም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ በስሪዲ ፕሪንተር አተመች። የቀረው ፕላስቲክ ሮዝ ብቻ ስለነበር ሮዝ ሆነ። ጎማው ከገባ ሳምንቱ ነው። በዓሉ ደግሞ ነገ ነው።

«ሳያትዬ! ትራሙ ሊያመልጠን ነው!» ሮዳስ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ እየሮጠች መጣች። ፀሐይ ወጥቷል፤ ሁለቱ ጓደኛሞች ስኬቨኒንገን ባሕር ዳር ሊሄዱ ተቃጥረዋል።

«ቆይ። ያንን ሰውዬ እይው።»

ጋሽ ገብረመድህን ዳቦ ገዝተው፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ያለውን ቁልቁለት እየወረዱ ነበር። ፍሬኑን ጨበጡ። የግራው ጎማ ቆመ። የቀኙ ግን መንከባለሉን ቀጠለና ሮላቶሩ ዞር ማለት ጀመረ። ይሄኔ ሽማግሌው ቀኝ እግራቸውን ዘርግተው የጫማቸውን ጫፍ ከጎማው ፊት ወሸቁት። ቆመ። ዙሪያቸውን ገልመጥ አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«በጫማው ነው የሚያቆመው!» አለች ሳያት።

«ራሱ ወርቅ ነው ብሎ የለ? ኽዎን፣ ዝም ብለሽ ተይው» አለች ሮዳስ።

«እሱ ለሁሉም ወርቅ ነው። እናቴ ጨው የረሳችበትን ምስር ወጥም ወርቅ ነው ብሎ ጨርሶታል።»

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ታወሳት። ጠጠሩ ከግቢው ጎን ወዳለው የውሃ ቦይ ያዘቀዝቃል፤ ከኋላ ሰው ይገፋል። እዚያ እግሩን ጎማ ሥር ቢከት... ደግሞ ከተናገረች ድሮዎቹ ጎማዎች ሊመለሱ ነው፤ ነገም እንደገና ሶፋ። ስለ አዲሶቹ ጎማዎች ያን ሁሉ ጉራ የነዛችበት ቪዲዮስ? ክፍሉ በሙሉ አይቶታል።

ሮጣ ደረሰችባቸውና ጎማው ሥር ተንበረከከች። አንድ ጊዜ ማየት በቂ ነበር። የፍሬኑ ብረት የጎማውን ጠርዝ ብቻ ይነካል። ያኔ የለካችው ግራውን ብቻ ነው፤ ቀኙም ያው ነው ብላ። ቀኙ ግን ያው አይደለም፤ አምና ጎረምሶቹ ሲያነሱት ሳይሆን አይቀርም፣ የፍሬኑ ብረት ወደ ውስጥ ጎበጥ ብሏል። የውስጡ ቀለበት መሳሳት፣ የውጪው መወፈር ነበረበት።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ አይዝም፣ አይደል?»

«ኧረ ይይዛል... አንዳንዴ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልጅ እንዲህ ለፍታ፣ ምን ብዬ ልናገር?» ዳቦውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዘዋወሩት። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ብነግርሽ ደግሞ ትፈቺዋለሽ። ነገ በዓል ነው።»

ሳያት አፏ ላይ የመጣውን ቀልድ ዋጠችው።

«እፈታዋለሁ» አለች ካሊፐሩን ከቦርሳዋ እያወጣች። «ቢብ ሳይዘጋ አዲስ አትማለሁ። ላይደርስ ይችላል። ካልደረሰ ድሮዎቹ ጎማዎች ይገባሉ፤ ጠጠሩ ላይ እኔ ከጎንህ ነኝ። ቀስ እያልን እንዞራለን። ማንም እንደ ሶፋ አያነሳህም።»

ሽማግሌው ዳቦውን ሮላቶሩ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

«ግን አንድ መጥፎ ነገር ንገረኝ። ወርቅ ነው ካልክ አልሠራም።»

«መጥፎ?» ጎረቤት የሚሰማ ይመስል ግራ ቀኝ አዩ። ብዙ አሰቡ። «ቀለሙ» አሉ በሹክሹክታ።

«ቀለሙ ምን ሆነ?»

«ሮዝ ነዋ! በዚህ ዕድሜዬ፣ ታቦት ተከትዬ፣ በሮዝ!»

ሮዳስ ከኋላ በሳቅ ፈነዳች። ትራሙም ደወሉን እያቃጨለ ወደ ፌርማታው ገባ።

«ሂጂ፣ ዱይ፣ ቻው!» ብላ ሳያት እጇን አውለበለበችላትና አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ካሊፐሩን ከፍታ ቀኙን ጎማ ያዘች።

«እሺ ጋሼ። ሌላስ?»

«ሌላማ... ሲታጠፍ ይንጫጫል።»

«ሌላስ?»