እሹሩሩ ያለችው መኪና

ኤልዳና ስድስት ዓመቷ ነው። ወንድሟ ያፌት ግን ገና ጥርስ እንኳ አላበቀለም።

እናታቸው ለሥራ ሐዋሳ ከሄደች ሰንብታለች። ዛሬ አባባ ልጆቹን በአሮጌዋ አረንጓዴ መኪና ይዞ ከአዳማ ወደ እሷ ሊሄድ ነው።

ግን አንድ ችግር አለ። ያፌት መኪና ውስጥ ሲገባ ያለቅሳል። «እዋ! እዋ! እዋ!»

ባለፈው እሑድም እንዲሁ ተነሥተው ነበር። ያፌት አልቅሶ አልቅሶ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ አባባ ከመንገድ ተመለሰ። እማማ ደጅ ደጁን እያየች ዋለች።

«ዛሬ አንመለስም!» አለች ኤልዳና።

በአባባ ስልክ ውስጥ እማማ ዘፍና የላከችው እሹሩሩ አለ።

«ተኛ ያፌትዬ፣ ተኛ የኔ አበባ፣
ዓይንህን ጨፍነህ፣ ወደ ሕልምህ ግባ።»

ያፌት ይህን ሲሰማ ጸጥ ይላል። ታዲያ አባባ ዘፈኑን ከፈተና ሞተሩን አስነሣ።

«ድርድርድርድር!» አለች መኪናዋ። የእማማ ድምፅ በጩኸቷ ተዋጠ።

«እዋ! እዋ! እዋ!»

«አባባ፣ ዘፈኑ በመኪናዋ ሬዲዮ ይውጣ! የአጎቴ መኪና በብሉቱዝ ትዘፍን የለ?»

«ብሉቱዝ ስልክ ያለ ገመድ ድምፅ የሚልክበት ነው፤ የእኛ መኪና ግን ያላት አይመስለኝም። አሮጊት እኮ ናት» አለ አባባ።

«እንሞክራት!»

አባባ ስልኩን ነካ ነካ አደረገ። ስልኩ ፈለገ፣ ፈለገ፣ ፈለገና… አገኘ!

መኪናዋ ግን ዝም አለች። ዘፈኑ የተሰማው ከጎረቤት ቤት ነው። «ተኛ ያፌትዬ፣ ተኛ የኔ አበባ!»

ጋሽ ምናሴ ግማሽ ጢማቸውን ተላጭተው፣ በግማሹ ላይ አረፋ እንዳለ ወጡ። «ዜና ስሰማ በጠዋት እሹሩሩ የሚለኝ ማነው?»

ስልኩ የያዘው የእሳቸውን ስፒከር ኖሯል! አባባ በሳቅ ፈረሰ።

«ይቅርታ፣ ጋሽ ምናሴ» አለች ኤልዳና። «የእኛ መኪና እንድትዘፍን ፈልገን ነው።»

ጋሽ ምናሴ ወደ ቤት ገብተው አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ዕቃ ይዘው መጡ። «የድሮ መኪናዬ በዚህች ነበር የምትዘፍነው። ዘፈኑን ከስልኩ ተቀብላ ለሬዲዮው ታቀብላለች። የእሷና የሬዲዮው ቁጥር ግን አንድ ዓይነት መሆን አለበት።»

አባባ ዕቃዋን መኪናዋ ላይ ሰካት። «ቀጭ!» ሰማያዊ መብራት ብልጭ አለ፤ ቁጥርም በራ።

አባባ የሬዲዮውን ቁጥር ከእሷ ጋር አንድ አደረገ።

«ጎል! ጎል! ጎል!» አለ አንድ ሰውዬ በሬዲዮው።

«እዋ! እዋ!» አለ ያፌት።

«አንዴ ደግሞ!» አለች ኤልዳና።

አባባ ሁለቱንም ቁጥር ቀየረ። «ሽንኩርቱን ደቀቅ አድርጋችሁ…» አለች አንዲት ሴት።

«አንዴ ደግሞ!»

አባባ እንደገና ቀየረ። «ዱም! ዱም! ዱም!» አለ ከበሮ።

አባባ ላቡን ጠረገ። «ኤልዱዬ፣ ሌላ ቀን ብንሄድስ?»

ኤልዳና ያፌትን አየችው። ጉንጩ በእንባ ርሷል። ደጅ ደጁን የምታየው እማማም ትዝ አለቻት።

«አይሆንም። አንዴ ደግሞ!»

ከዚያም አሰበች። «አባባ፣ በየቁጥሩ ሰው አለ። እማማ የት ትዝፈን? መጀመሪያ ማንም የሌለበትን ቦታ እንፈልግ!»

የሬዲዮውን ቁልፍ ራሷ ያዘች። ቀስ… ቀስ… ቀስ አድርጋ አዞረችው።

ሰው። ከበሮ። ሰው። ከዚያ «ሽሽሽሽሽሽ…»

«እዚህ ማንም የለም!»

አባባ የትንሿን ዕቃ ቁጥር እዚያው ላይ አደረገ። «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ ጠፋ።

«ተኛ ያፌትዬ፣ ተኛ የኔ አበባ…»

የእማማ ድምፅ በግራ መጣ፣ በቀኝ መጣ፣ መኪናዋን ሞላት! ያፌት አፉን እንደከፈተ ጸጥ አለ።

ጋሽ ምናሴ አጨበጨቡ። አረፋው አገጫቸው ላይ ደርቋል።

«ድርድርድርድር!» መኪናዋ ጉዞ ጀመረች። ያፌት ሞጆን ሳያልፉ እንቅልፍ ወሰደው።

ሻሸመኔ ሲደርሱ ደግሞ አንድ ሰውዬ በሬዲዮው፣ በዘፈኑ መሃል ማውራት ጀመረ። ያፌት ዓይኑን ገለጥ አደረገ።

«አባባ፣ ጥግ ያዝ!» አለች ኤልዳና። መኪናዋ ቆመች። ኤልዳና ቁልፉን ቀስ አድርጋ አዞረችና ሌላ ባዶ ቦታ አገኘች፤ አባባም የትንሿን ዕቃ ቁጥር እዚያው ላይ አደረገ። ያፌትም ተመልሶ ተኛ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሐዋሳ ገቡ። እማማ እየሮጠች መጥታ ያፌትን አቀፈችው፣ ሳመችው፣ ደግማ ሳመችው።

«ያን ሁሉ መንገድ ሳያለቅስ መጣ? እንዴት አድርጋችሁ ነው?»

«ልጅሽን ጠይቂያት» አለ አባባ።

እማማ ወደ ኋላ ወንበር ጎንበስ አለች። ኤልዳና ግን ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወስዷታል።

እማማ ተሸክማ አስገባቻት። ጫማዋን ቀስ ብላ አወለቀችላትና አልጋው ላይ፣ ከጎኗ አስተኛቻት።