ወደ ተራራ፣ ወደ ባሕር

የሸንጎላ ደሴት ጉድጓዶች ጨው የተፉ ዕለት፣ ሽማግሌዎቹ ውኃውን ቀምሰው ያሉበት ቁጭ አሉ። «ወንዙ ሲቆም ባሕር ይወርሳችኋል» የሚለውን የድሮ ትንቢት የማያውቅ አልነበረም። ወይ ጉድ! ዙሪያውን ውኃ የከበበው ሕዝብ በውኃ ጥም ሊያልቅ!

የአገሩ ነገር እንዲህ ነው። በመካከሉ የመዛር ተራራ ጢሱን እየተፋ ቆሟል። አናቱ ጎድጓዳ ነው፤ በጎድጓዳው ውስጥ ሐይቅ ተኝቷል። ሐይቁ በአንዲት ጠባብ በር ወጥቶ ወንዝ ይሆናል፤ ደኑን ሰንጥቆ ይወርድና የኮራል ድንጋይ አጥር ከከለለው ባሕር ይገባል። ከጉድጓዶቹ ጨውን ገፍቶ የሚያስወጣው ይኸው ወንዝ ነው። እዚያ አገር ቀኝና ግራ፣ ምሥራቅና ምዕራብ የሚል ሰው የለም። አቅጣጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወደ ተራራና ወደ ባሕር። ሕፃን እንኳ ራቱን ሲበላ «ሳህኑን ወደ ባሕር ሳቢልኝ» ይላል።

ንግሥት ዛምሪት ሸንጎ ጠሩ። «ሻምባር የተባለው ዘንዶ በሐይቁ በር ተጠምጥሞ ወንዛችንን ዘግቶታል። ማን ይወጣል?» አሉ።

የጀልባ ጠራቢው ልጅ ኤልሻና ጦሯን ነቅንቃ ተነሣች። «የእናቴ ጡት ደርቋል፤ ጨቅላዋ እኅቴ ልትሞትብን ነው። ንግሥት ሆይ፣ ወንዙን ሳልፈታ ብመለስ ይህች ምድር ሬሳዬን አትቀበል!» ብላ ማለች።

ታላቅ ወንድሟ ድርባ የዛጎል መለከቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተከተላት። «ብቻሽንማ አትሄጂም፣ እታለም። ደግሞ የገዛ እግርሽን ትወጊና እናታችን እኔን ትጠይቀኛለች!»

ዝናብ በማያባራበት ደን፣ ከዚያም በሚያተኩስ ድንጋይ ላይ እየተንፏቀቁ አናቱ ላይ ደረሱ። የዘንዶው ገላ በሩን ወትፎታል፤ ጭንቅላቱን ግን ከጎድጓዳው ውስጥ፣ ከሐይቁ ዳር አጋድሞ አንቀላፍቷል። ድርባ ከበሩ በላይ በተንጠለጠለው አለት ላይ ቆሞ ሐረግ ለቀቀላት። ወረደች። ትንፋሿን ውጣ ቀረበችና ከመንጋጋው ሥር ጦሯን ሰካችው።

ሻምባር ሲጮኽ ተራራው ተናጠ። ከቁስሉ የወጣው እንፋሎት ጎድጓዳውን ሞላው። ኤልሻና የገዛ እጇን ማየት አቃታት። የደሴት ሰው ሲጨንቀው ቁልቁል ይወርዳል፤ ቁልቁል ምን ጊዜም ባሕር ነዋ! እሷም ቁልቁል ሮጠች። ውኃው ጉልበቷ ሲደርስ ነገሩ ገባት። እዚህ ቁልቁሉ ሐይቅ ነው፤ በዙሪያዋ ሁሉ ደግሞ ተራራ ነው። የሻምባር ጥምጥም ተፈትቶ በሩ ተከፈተ፤ ውኃውም ይጎትታት ጀመር።

«ወንድምዓለም! ባሕሩ ወዴት ነው?»

መለከቱ ተነፋ። ድርባ የቆመበት አለት ዘንዶው ሲላላ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር። አጠገቡ ወዳለው ጽኑ ድንጋይ መዝለል ይችል ነበር፤ ግን ሐረጉ ያለው እዚህ ነው። ፈራ፣ እንዴት አይፈራ! ግን ነፋ፣ ደግሞም ነፋ።

ድምፁን ተከትላ ሐረጉን ያዘች። ጎትቶ አወጣትና ወደ ጽኑው ድንጋይ ወረወራት። እጇን ስትዘረጋለት አለቱ ተናደ፤ ወንዙም ድርባን ከነመለከቱ ይዞት ወረደ።

ኤልሻና ወንዙን ተከትላ ስትደርስ ሰፈሩ በእልልታ ይናወጣል፤ ጉድጓዶቹ ጣፍጠዋል። እናቷ ጨቅላዋን አዝላ ከሕዝቡ ፊት ቆማለች።

«ድርባስ? ልጄ ወዴት ነው?»

ኤልሻና ልትዋሽ ፈለገች፣ አልቻለችም። «ወደ ባሕር» አለች።

እናት አላለቀሰችም። ከወንዙ ጣፋጩን ውኃ በእንስራ ቀዳችና፣ ሳትቀምሰው ወደ ዳርቻው ይዛ ወረደች። እስከ ወገቧ ገብታ ማዕበሉ ላይ አፈሰሰችው።

«ልጄ ጨው ውኃ አይጠጣም» አለች።