ጉና ያልበገረው ሞተር

«ጨውህ የመቀሌ ነው?»

«የአፋር ነው።»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። መኪና የሚፈትኑት ፈረንጆች አስተርጓሚ ደምሌ፣ በስለላ ስሙ «ቁራ»፣ ጎንበስ ብሎ በነጋዴው በጥላዬ የጨው ከረጢት ውስጥ አንድ ነገር ጣል አደረገና በመካነ ኢየሱስ ገበያተኛ መሀል ተሰወረ።

ጥላዬ አልወደደውም። ስምምነቱ ከእጅ ወደ እጅ ነበር።

ዕቃዋ ጣት የምታህል ብረት ናት። ነዳጁን እንደ ጉም አድቅቃ ሞተሩ ውስጥ ትረጫለች። ፈረንጆቹ አዲሱን መኪና ከባሕር ማዶ አምጥተው ጉና ዳገት ላይ የሚፈትኑት በእሷ የተነሳ ነው፤ አየር በሳሳበት ከፍታ ሌላው መኪና ሲያለከልክ ይኸኛው እየዘፈነ ይወጣል። ተፎካካሪ ፋብሪካ አስመራ ላይ ሰው አስቀምጦ ይጠብቃታል። ጥላዬ ጨው ነጋዴ የሆነው፣ ስሙንም ጥላዬ ያለው ለእሷ ሲል ነው።

ግራ ቀኙን አይቶ ብረቷን ከጨው አወጣ። ለዚሁ ብሎ ባዶውን ያሰፋው ክታብ አንገቱ ላይ ነበር፤ እዚያ ከተታት። የሰው ክታብ የሚፈታ ደፋር በእስቴ የለም።

ቀትር ላይ ጭቃ ሹሙ አዋጅ አስነገረ። የፈረንጆቹ ዕቃ ሌሊት ተሰርቋል፤ አውጫጭኝ ተጠርቷል። ሌባው እስኪወጣ ድረስ ወንድ የተባለ ሁሉ ሜዳው ላይ ይቀመጣል።

እንግዳም ቢሆን።

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ይጠሩ ጀመር። የሚያውቅ በጆሯቸው ይነግራል፤ ስሙ አይወጣም፣ «ወፍ ነገረችን» ይባላል። ደምሌ ተራው ደርሶ ሄደ፤ ሲመለስ አንገቱን ደፍቶ በጥላዬ አጠገብ አለፈ።

«ወፍ ነግራናለች» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «የነጋዴው ከረጢት ይፈተሽ።»

ጨው ቁርበት ላይ ተዘረገፈ። ጨው ብቻ። ቁራ ፈረንጆቹ ሲጠረጥሩት የራሱን ሥራ በጥላዬ ሊያላክክ ነበር። ጥላዬም ሊያጋልጠው አይችልም፤ አብረው ይጠፋሉ።

ያኔ ዓይን ሁሉ ወደ ፈንታ ዞረ። መኪናው የሚያድረው በእሱ ግቢ ነው። ጥላዬም የሰነበተው በእሱ ቤት፣ ከእሱ ማዕድ እየቆረሰ ነው። ፈንታ አልሰረቅሁም ብሎ በታቦቱ ማለ። መሐላው አልበቃም፤ ምስክር ጥራ ተባለ።

«እንግዳዬ ይናገር። ሌሊቱን ሙሉ ከጎኔ ነበር፤ ተነስቼ እንደሆነ ያውቃል።»

ጥላዬ ያውቃል። ፈንታ ሲያንኮራፋ እሱ እስኪነጋ እንቅልፍ አልወሰደውም። ግን ምስክር ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት ይወሰዳል፤ አገርህ የት ነው፣ ዋስህስ ማን ነው ይባላል። የጨው ነጋዴው ጥላዬ አገርም ዋስም የለውም።

«ንገራቸው እንጂ፣ ወንድሜ።»

«እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።»

ፈንታ አልተቆጣም። ነገሩ ያልገባው መስሎ አፍጥጦ አየው እንጂ። የፊጥኝ አስረው ሲወስዱት ጥላዬ አፈረ፤ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት የጭነት መኪና ላይ ሊወጣ ሲል የፈንታ ሚስት የሻረግ እየሮጠች መጣች። በሰው ፊት ልትረግመው መሰለው። እርግማኑን ቢያገኝ ይሻለው ነበር። እሷ ግን በጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ ዘረጋችለት።

«ፈንታ ነው ከታሰረበት የላከኝ» አለች። «እንግዳ ስንቅ ሳይዝ ከቤቴ አይወጣም ብሏል።»

ብረቷን አስመራ ላይ አስረከበ። ከዚያ ወዲህ ጥላዬ የሚባል ጨው ነጋዴ ያየ የለም። ሰውየው በሌላ ስም፣ በሌላ ከተማ ይኖራል። ማዕድ ላይ ተቀምጦ ሳለ ዳገቱን ያለ ድካም የሚወጣ መኪና በሰማ ቁጥር፣ የጎረሰው እህል አልዋጥ ይለዋል።