የጋራው ላብ

ፌንጣ የምትባል ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ አሥር ዓመት ነው። ፌንጣ ያሏት መራመድ ሳትማር መዝለል ስለጀመረች ነው። ቤታቸው ከፈረስ ጋጣ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ፈረስ ሲያስነጥስ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይሳሳማሉ። አባቷ ፈረስ አሠልጣኝ ነው። እናቷ ኮርቻ ትሰፋለች። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ሥራው እንቅልፍ ነው። ጣሪያው ቢወድቅበት "ቀስ በሉ እንጂ!" ብሎ ወደ ግድግዳው የሚዞር ልጅ ነው።

ጋጣው ውስጥ ጋራው የሚባል ዳማ ፈረስ አለ። ልጆችዬ፣ ፈረስ አይተናል ትላላችሁ? ጋራውን ያላየ ፈረስ አላየም! ቀና ሲል ጆሮው ደመና ይነካል። ጅራቱን ሲወዘውዝ የጎረቤት ልብስ ገመድ ላይ እንዳለ ይደርቃል። ዓይኑ ግን ቀልድ አይደለም። ጥቁር ነው፤ ጥልቅ ነው፤ ረጋ ያለ ነው። ፌንጣ ጠጋ ብላ ስታየው ራሷን ኢምንት ሆና እዚያ ውስጥ ታገኛለች። ያኔ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አምላኬ፣ ይህን እንዴት አድርገህ ሠራኸው?" ትላለች።

አንድ ቀን ጋራው ላይ ተቀምጣ ሳለ ከድርቆሹ ክምር ውስጥ ወፍ ቱር ብላ ወጣች። ጋራው ደነገጠ። ፌንጣ ተስፈንጥራ ጭቃ ላይ ተዘረረች። ከቁመቱ የተነሳ አየር ላይ እያለች የጠዋት ጸሎቷን ጨርሳ የማታውን ጀምራ ነበር ይባላል። አጥንቷ አልተሰበረም። ሐሞቷ ግን ፈሰሰ።

"አይዞሽ፣" አላት አባቷ ጭቃውን ከፊቷ እየጠረገ። "ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከጋጣው ጀርባ ያለውን ሜዳ ዙሪበት። ፍርሃቱ ይለቅሻል።"

"እሷ?" ሳቀ ወንድሟ። "ፌንጣነቷ ቀርቶ ቀንድ አውጣ ሆናለች!"

"ማን ፈራ?" አለች ፌንጣ። አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ዓይኗን ወደ ጋራው አላዞረችም።

በማግስቱ አባቷ ሣር ሊያጭድ ወጣ። እናቷ ኮርቻዋ ላይ አቀርቅራለች። ወንድሟ ያው እንደምታውቁት ነው። ፌንጣ ጋራውን ጫነችው። እግሯን እርካቡ ውስጥ አስገባች። ሽቅብ አየች። ኮርቻው ሰማይ ላይ የተሰቀለ መሰላት። እግሯን አወጣች። እንደገና አስገባች። እንደገና አወጣች።

ያኔ ዓይኗ ውሃ የሞላ ባልዲ ላይ አረፈ። አጠገቡ ጨርቅ ተቀምጧል። ክፉ ሐሳብ መጣላት።

ጨርቁን ነከረች። የጋራውን አንገት፣ ጀርባና ሆድ አራሰች። አባቷ ሣሩን ተሸክሞ ሲመጣ ፈረሱ ከላይ እስከ ታች ርሷል።

"ይህ ሁሉ ላብ!" አለ አባቷ ከሩቅ። "አንቺ ልጅ፣ ሜዳውን ነው የዞርሽው ወይስ ዓለምን?"

"ሜዳውን ነው፣ አባዬ።"

"ጎሽ! የኔ አንበሳ!"

ምስጋናው እንደ ማር ጣፈጣት። በማግስቱም ጨርቁን ነከረች። በሦስተኛውም ቀን። አባቷ ላገኘው ሰው ሁሉ አወራ። ወሬው መንገድ ላይ እየወፈረ ሄዶ፣ ገበያ ሲደርስ ፌንጣ ፈረሱ ላይ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ፀጉሯን እየተሠራች ትጋልባለች ተባለ። እሷ ፈረሱን ሳትጋልብ ውሸቱ እሷን ጋለባት።

አሁን ልብ በሉ፣ ልጆች። በዚያ ቤት አንድ ሕግ አለ። ላብ ያለበት ፈረስ ላቡ ሳይደርቅ ወደ ውሃው ገንዳ አይደርስም። ያመዋል ይላሉ። ስለዚህ ሌሎቹ ፈረሶች ጠዋት ገንዳውን ከበው ሲጠጡ ጋራው ዳር ላይ ታስሮ ያያል። ምራቁን ይውጣል። የጠዋቱ ብርድ ደግሞ የራሰ ጀርባው ላይ ይቀመጣል። ቀስ በቀስ ማሳል ጀመረ።

አባቷ ተጨነቀ። "ላባ የምታህል ልጅ ተሸክሞ እንዲህ የሚያልበው ልቡ ደክሞ ነው፣" አለ። "የአክስትሽ ባል ዛሬ ይመጣል። ሩቅ አገር ሰፊ መስክ አለው። ይውሰደውና ጋራው እዚያ ይረፍ።"

"ለዘላለም?" አለች ፌንጣ።

"ለዘላለም።"

ፌንጣ ወደ ጋጣው ሮጠች። የዛሬው እርጥብ ጨርቅ አሁንም እጇ ላይ ነው። ጋራው ገንዳውን እያየ ታስሮ ቆሟል። ጆሮዋን ደረቱ ላይ ለጠፈች።

ዱም።

ጠበቀች።

ዱም።

ከምድር ሆድ ውስጥ የሚመጣ ድምፅ ይመስላል። የሷ ልብ ቱክቱክቱክቱክ ሲል የሱ ረጋ ብሎ አንዴ ዱም ይላል። ይህ ልብ ነው የደከመው? ይህማ ተራራ ይዞ ይነሳል! ፌንጣ ትንፋሿን ዋጠች። ፀጉሯ ቆመ።

ከዚያ ጋራው ያን ትልቅ ራሱን ዝቅ አደረገ። እጇን አሸተተ። እርጥቡን ጨርቅ በከንፈሩ ያዘና መጠጥ፣ መጠጥ አደረገው። ከውሸቷ ጨርቅ ውሃ ፈልጎ ይመጥጥ ነበር።

ፌንጣ አለቀሰች። "ጌታዬ፣ አፌን ክፈትልኝ፣" ብላ ጸለየች። ጨርቁንም እንደያዘች ወጣች።

የአክስቷ ባል ገመዱን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። አባቷ አጠገቡ ነው።

"አባዬ፣ ላብ አይደለም። ውሃ ነው። እኔ ነኝ የማረጥበው። አንድ ቀንም አልጋለብኩትም። ፈርቼ ነው።"

የእናቷ መርፌ ቆመ። ወንድሟም ነቅቶ ነበር፤ ያ ራሱ ተአምር ነው።

አባቷ የጋራውን ጀርባ አደራርቆ፣ የታሰረበትን ገመድ ፈትቶ ገንዳው ጋ አደረሰው። ጋራው ጠጣ። እናንተዬ፣ ሲጠጣ! ገንዳው ጎደለ፤ ጉድጓዱ ጎደለ፤ ወንዙ እንኳ "ለኔም ተዉልኝ" ሳይል አልቀረም።

"ፍርሃትሽን ብትነግሪኝ ኖሮ ግማሹን እኔ እይዝልሽ ነበር፣" አላት አባቷ። "ዛሬ እርካቡ ላይ ትቆሚና ትወርጃለሽ። ይኸው ነው።"

"ይኸው ብቻ?"

"ይኸው ብቻ። ነገ ትቀመጫለሽ። ከነገ ወዲያ ወንድምሽ ጋራውን እየጎተተ ያራምድሻል።"

"እኔ? ጠዋት?" ጮኸ ወንድሟ።

"ጠዋት!"

የአክስቷ ባል ገመዱን ጠቅልሎ፣ እየሳቀ ባዶ እጁን ተመለሰ። ፌንጣም እርካቡ ላይ ቆመች፤ ወረደች። በማግስቱ ተቀመጠች። አንዳንድ ቀን ፍርሃቱ ተመልሶ ይመጣና እንደገና እርካቡ ላይ ብቻ ቆማ ትወርዳለች። ማንም አልሳቀባትም። የጋራው ሳልም ለቀቀው።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ ፌንጣ ልጓሙን ብቻዋን ያዘች። ጋራው መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ፣ ከዚያ በግልቢያ ሄደ። መሬቱ ከሥሯ እንደ ጨርቅ ተተረተረ። የጋጣው ግድግዳ ዝቅ አለ፤ ጣሪያው ዝቅ አለ። ከሜዳው ማዶ አይታ የማታውቀው መስክ በብርሃን ተሞልቶ ተዘርግቷል። ያ ትልቅ ልብ ከጉልበቷ ሥር ዱም፣ ዱም ይላል። እንዲህ ያለውን ነገር የሠራውን አምላክ በልቧ አመሰገነችው።

ስትመለስ አባቷ ጣቱን በጋራው አንገት ላይ አሳርፎ ቀመሰው።

"ጨው ነው!" ብሎ ጮኸ። "እናንተ ኑ! ጨው ነው!"

እናቷ መጥታ ቀመሰች። ወንድሟም ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ። ፌንጣ ግን እናቷ ያቀረበችላትን ውሃ አልጠጣችም። የጋራው ላብ እስኪደርቅ አጠገቡ ቆመች። ከዚያ አብረው ጠጡ።

ልጆችዬ፣ ፍርሃታችሁን በውሸት ከመሸፈን እውነቱን ተናግራችሁ ከትንሿ እርምጃ ጀምሩ፣ እግዚአብሔርም ያበረታችኋል።